ለወዳጅ ማጨብጨብ

የቀን ሥራው ሌላ የሆነ ወዳጃችን የደረሰው ሙዚቃ በኦርኬስትራ ሲቀርብ፣ አዳራሹ ሲያጨበጭብ፣ እሱም እያፈረ ወደ መድረክ ወጥቶ እጅ ሲነሣ፣ እኛ ጓደኞቹ የምንደሰተው በምንድን ነው? ወዳጅ ሲቀናው መደሰት ወግ ስለሆነ ጥያቄው መልስ የማያሻው ይመስላል። ሆኖም በዚያ ደስታ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ አንዱ ለሰውዬው ያለን ፍቅር፣ ሌላው ስለ ሥራው የምንሰጠው ፍርድ። በሠርግና በምርቃት ቀን ሁለቱ ተስማምተው ይውላሉ፤ ለሙሽራ ማንም ውጤት አይሰጥም። የሙዚቃ ድርሰት ግን ቀርቦ የሚመዘን ነገር ነው። ደካማ ቢሆን ፍቅራችን ምን ይላል? እጅግ ግሩም ቢሆንስ፣ ትናንት አብሮን ሻይ ሲጠጣ የነበረውን ሰው ዛሬ በየትኛው ዓይን እናየዋለን? (ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛው የሚከብዳቸው ወዳጆች እንዳሉ መካድ አይቻልም።)

ብዙዎቻችን ከዚህ ጭንቅ የምናመልጥባት አንዲት አቋራጭ አለች። «ለሐኪም እኮ ግሩም ነው»፣ «በትርፍ ጊዜው ይህን ያህል ከሠራ፣ ሥራዬ ብሎ ቢይዘውማ!» እንላለን። አባባሉ ሙገሳ ይመስላል። ሲመረመር ግን ድርሰቱን ከሌሎች ድርሰቶች ተራ አውጥቶ፣ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ለብቻው የሚያስቀምጥ ነው። ሰውዬውን አከበርን ብለን ሥራውን እናሳንሳለን። ለወዳጅ ከሚሰጡ ምስጋናዎች ሁሉ የዚህን ያህል ስስታም የሆነ አላውቅም።

ነገሩን በአንድ ሰው ታሪክ ማየት ይሻላል። አሌክሳንደር ቦሮዲን በ1833 በሴንት ፒተርስበርግ ተወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌያለሁ)። አባቱ ጆርጂያዊ መስፍን ቢሆንም ልጁ ከጋብቻ ውጭ ስለተወለደ በመዝገብ የሰፈረው የአባቱ ገባር በነበረ ሰው ስም ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ፒያኖ፣ ዋሽንትና ቼሎ ተጫውቷል፤ ትምህርቱ ግን ሕክምና፣ ከዚያም ኬሚስትሪ ነበር። በከተማው የሕክምናና ቀዶ ጥገና አካዳሚ ተምሮ፣ ጀርመን አገር ሃይደልበርግ ሰንብቶ፣ ተመልሶ በተማረበት አካዳሚ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1872 ከፈረንሳዊው ኬሚስት ቩርትዝ ጋር በየፊናቸው የደረሱበት የአልዶል ውህደት ዛሬም የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ተማሪ ሁሉ የሚያጠናው ነው። መምህሩ ኒኮላይ ዚኒን ይተካኛል ያለው ተማሪ ልቡ ወደ ዘፈን ሲሸፍት እያየ በሰው ፊት ገሥጾታል ይባላል። የተግሣጹ ፍሬ ነገር የእኛዎቹ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ከሚሉት የተለየ አልነበረም።

ቦሮዲን ግን ዛፎቹን ሁለቱንም ይዞ ነበር። በ1862 በአንድ ሐኪም ባልደረባው ቤት ሚሊ ባላኪሬቭ ከተባለ ሙዚቀኛ ጋር ተዋወቀ፤ በባላኪሬቭ ዙሪያ የተሰበሰቡትን ወጣቶችም ተቀላቀለ። እነዚህ ሰዎች በኋላ «ኃያሉ ጭፍራ» ተብለው የሩሲያን ሙዚቃ ታሪክ የለወጡ ናቸው። ሴዛር ኩዊ የምሽግ ግንባታ ያጠና የጦር መሐንዲስ ነበር። ሞዴስት ሙሶርግስኪ የክብር ዘበኛ መኮንንነቱን ትቶ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊነት ያገለግል ነበር። ኒኮላይ ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። ከባላኪሬቭ በቀር ሙሉ ጊዜውን ለሙዚቃ የሰጠ አልነበረም፤ ከሁሉም ኮንሰርቫቶሪ የተማረ አንድም የለም። የዚህ ክበብ ትልቁ ጸጋ እዚህ ላይ ይመስለኛል። እዚያ ቤት «ለኬሚስት ግሩም ነው» የሚል አፍ አልነበረም፤ ተናጋሪው ራሱ መርከበኛ ወይም መሐንዲስ ነውና። ኖታው ፒያኖው ላይ ይዘረጋል፣ ይጫወቱታል፣ ይጨቃጨቁበታል። የቀረው ነገር ድርሰቱ ያምራል ወይስ አያምርም የሚለው ብቻ ነው።

ከክበቡ ውጭ ግን የአማተር ነገር ትልቅ ጸብ ነበር። አንቶን ሩቢንስታይን የተባለው ዝነኛ ፒያኒስት በ1861 ባሳተመው ጽሑፍ በሩሲያ ሙዚቃን የያዙት ለመዝናናት የሚነካኩት ሰዎች ብቻ ናቸው ሲል አማርሯል። ምሬቱ ምክንያት ነበረው። በግለ ታሪኩ እንዳወጋው፣ አንድ ጊዜ ንስሐ ለመግባት ቤተ ክርስቲያን ሄዶ መዝጋቢው ሥራውን ሲጠይቀው ሙዚቀኛ ነኝ ቢል የሚጻፍበት ቦታ ጠፋ፤ በመጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ነጋዴ ልጅ ተብሎ ተመዘገበ። በዓለም የታወቀ ሰው በአገሩ መዝገብ ላይ ሙያ አልነበረውም ማለት ነው። በ1862 የፒተርስበርግን ኮንሰርቫቶሪ የመሠረተው ሙዚቀኛ በሕግም በእንጀራም እንዲታወቅ ብሎ ነው።

ይህ ጸብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በገናን ባላባቱና ካህኑ በዐቢይ ጾም ሲደረድሩት ክብር ነበር። በማሲንቆው እንጀራውን የሚያገኘው አዝማሪ ግን በድግሱ ይሸለማል፣ ድግሱ ሲያበቃ በጀርባው ይናቃል። ሙዚቃ ለነፍስ ሲሆን ይከበራል፣ ለሆድ ሲሆን ይዋረዳል የሚል ሚዛን ይዘን ቆይተናል። ሩቢንስታይን ያን ሚዛን መስበሩ ትክክል ነበር። ስሕተቱ አማተር የሚባለውን ሁሉ በአንድ ከረጢት ማሰሩ ላይ ነው። በከረጢቱ ውስጥ ቦሮዲንም ነበረበትና።

የቦሮዲን የመጀመሪያ ሲምፎኒ አምስት ዓመት ፈጅቷል፤ በ1862 ተጀምሮ በ1867 አለቀ። ባላኪሬቭ እያንዳንዱን መስመር አብሮት እየመረመረ፣ እያስጣለና እያስደገመ ነው የተጻፈው። ከኮንሰርቱ በፊት አንድ የሙከራ ልምምድ ነበር፤ ለየመሣሪያው የተገለበጠው ኖታ በስሕተት የተሞላ ስለነበር ኦርኬስትራው በየደቂቃው እየቆመ፣ ሙዚቃው በወጉ ሳይሰማ ቀረ። ለአማተር ደራሲ ከዚህ የሚብስ መዋረድ የለም። ተጫዋቾቹ እንጀራቸው ሙዚቃ ነው፤ የገልባጩን ስሕተት የደራሲው አለማወቅ ለማድረግ ጊዜ አይፈጅባቸውም።

ጥር 4 ቀን 1869፣ በሩሲያ የቀድሞ አቆጣጠር፣ ሲምፎኒው በሩሲያ ሙዚቃ ማኅበር ኮንሰርት ላይ ቀረበ። ማኅበሩን የመሠረተው ያው አማተሮችን የረገመው ሩቢንስታይን መሆኑ ልብ ይባልልኝ። ኦርኬስትራውን የመራው ባላኪሬቭ ነበር። ኋላ እንዳስታወሰው፣ የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ አዳራሹ ቀዝቀዝ አለ፤ እሱም ደንግጦ ቶሎ ብሎ ስኬርዞውን አስጀመረ። ስኬርዞው ፈጣን፣ ቀልደኛና እግር የማይይዘው ነገር ነው። ሲያልቅ ጭብጨባው ፈነዳ፤ ሕዝቡ ይደገም አለና ተደገመ። ደራሲው ደጋግሞ ወደ መድረክ ተጠራ። የሠላሳ አምስት ዓመቱ ፕሮፌሰር፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በአሲድና በጋዝ መሐል የሚውለው ሰው፣ በኦርኬስትራ አፍ የራሱን ሐሳብ ሰማ።

ከኮንሰርቱ በኋላ ግን አሌክሳንደር ሴሮቭ የተባለው ተቺና የሙዚቃ ደራሲ ብዕሩን አነሣ። ሲምፎኒውን የወደደው ጥቂት ሰው ነው፣ ደራሲውን እየጠሩ አጥብቀው ያጨበጨቡትም ወዳጆቹ ብቻ ናቸው አለ። ይህች ሽሙጥ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላም ታሳክካለች። እውነት የወዳጅ ጭብጨባ ዋጋ የለውም?

ለሴሮቭ ግማሹን ልስጠው። የወዳጅ ጭብጨባ ማስረጃ አይሆንም፤ ፍርድ ቤት የዘመድን ምስክርነት በጥንቃቄ እንደሚቀበል ሁሉ አድማጭም ሊጠነቀቅ ይገባል። ግማሹን ግን እነፍገዋለሁ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ስለዚያ ሲምፎኒ ድክመት ከባላኪሬቭ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አምስት ዓመት ሙሉ ሲያርመው ኖሯል። የመጀመሪያው ክፍል ሲቀዘቅዝ የደነገጠው እሱ ነው። እንግዳ ሰው ያጨበጨበው በአንድ ምሽት ለሰማው ነገር ሲሆን፣ ወዳጁ ያጨበጨበው ሲምፎኒው ከነበረበት እስከደረሰበት ድረስ ለተጓዘው መንገድ ነው። የወዳጅ ደስታ ዕውር የሚሆነው ወዳጅየው ሥራውን ሳያውቅ ሰውዬውን ብቻ ሲያውቅ ነው።

የእንግዳ ሰው ምስክርነትም በጊዜው መጣ። በ1877 ቦሮዲን ለትምህርት ጉዳይ ወደ ጀርመን ሄዶ ሳለ ወደ ቫይማር ጎራ አለ፤ ዝነኛው የሙዚቃ ደራሲ ፍራንዝ ሊስት ሲምፎኒውን አስቀድሞ ያውቀው ኖሮ በደስታ ተቀበለው። በ1880 ደግሞ በሊስት ግፊት ሲምፎኒው በባደን-ባደን ቀረበ። ሊስት ለቦሮዲን ምንም ዕዳ አልነበረበትም፤ ኬሚስት መሆኑም አላስገረመውም። ኖታውን አይቶ ነው የፈረደው። ስለዚህ በ1869 ያጨበጨቡት ወዳጆች በፍቅር ታውረው ነበር ለማለት አይቻልም፤ ከሌላው ቀድመው ሰሙ እንጂ።

ጭብጨባ ግን የበዓሉ ትንሹ ክፍል ነው። ለእጅ ምንም አይከብደውም። ከቦሮዲን ወዳጆች ታሪክ ከሁሉ የምወደው በ1879 የሆነውን ነው። ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ በነጻ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ኮንሰርት ላይ «ልዑል ኢጎር» ከተሰኘው የቦሮዲን ኦፔራ የፖሎቭትሲያን ውዝዋዜዎችን ፕሮግራም ውስጥ አስገባ። ችግሩ ሙዚቃው ገና ለኦርኬስትራ አለመደልደሉ ነበር። ቦሮዲን ይለመናል፣ ይጨቀጨቃል፣ ቃል ይገባል፤ ጊዜ ግን የለውም። በመጨረሻ ሪምስኪ-ኮርሳኮቭና የሙዚቃ ደራሲው አናቶሊ ሊያዶቭ ማታ ማታ ቤቱ እየሄዱ ሦስቱም አብረው ለየመሣሪያው መጻፍ ጀመሩ። ለፍጥነት በእርሳስ ነበር የሚጽፉት። እርሳሱ እንዳይለቅ ቦሮዲን ገጾቹን በፈሳሽ ጀላቲን ይነክራቸውና ቶሎ እንዲደርቁ እንደ ታጠበ ልብስ በገመድ ላይ ይሰቅላቸዋል። ኬሚስትሪው ለሙዚቃው የደረሰበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነው! ሌሎቹ ሁለቱም የራሳቸው ሥራ ነበራቸው፤ ግን የወዳጃቸውን ሥራ የራሳቸው አድርገው አመሹ። ኮንሰርቱ በደረሰ ጊዜ ኖታው ዝግጁ ነበር።

እንዲህ ያለው ወዳጅነት በሌላ አገርም ይገኛል። አሜሪካዊው ቻርልስ አይቭስ በኒው ዮርክ የኢንሹራንስ ድርጅት የመሠረተ ነጋዴ ነበር፤ ሙዚቃውን የሚጽፈው ከሥራ በኋላና በዕረፍት ቀኑ ነው። ሦስተኛ ሲምፎኒው ከተጻፈ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ በ1946 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ኦርኬስትራውን የመራው ሉ ሃሪሰን የተባለ ወጣት የሙዚቃ ደራሲ ነበር፤ የተጨናነቀውን የእጅ ጽሑፍ የማስተካከሉን ድካምም እሱ ተሸክሟል። በዓመቱ ሲምፎኒው የፑሊትዘር ሽልማት ሲያገኝ አይቭስ የገንዘቡን ግማሽ ለሃሪሰን ሰጠው። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ነበርና ድርሻውን አልሳተውም።

ከእኛም እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ይጠቀሳሉ። በእርግጥ እሳቸውን የትርፍ ጊዜ ሙዚቀኛ ብሎ መጥራት አይመችም፤ በወጣትነታቸው በካይሮ ቫዮሊንና ፒያኖ በብርቱ ተምረዋል። ነገር ግን ምንኩስናን መርጠው ግሸን ማርያም ከገቡ በኋላ ሙዚቃ ለእሳቸው እንጀራ አልነበረም። በ1967 በጀርመን ከታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው የተገኘው ገንዘብ የዋለው ለበጎ አድራጎት ነው። በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም በእርጅና ሳሉ ማያ ዱኒየትዝ የምትባል እስራኤላዊት ፒያኒስት ተወዳጀቻቸው፤ በከረጢት ተጠራቅመው የነበሩትን የእጅ ጽሑፎች ተቀብላ ለየች፣ አነበበች፣ ለኅትመት አዘጋጀች። በ2013፣ ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ሲል፣ የኖታ መጽሐፋቸው ታተመ፤ በኢየሩሳሌምም ሙዚቃቸው በኮንሰርት ቀረበ። የደበዘዘ ኖታ ላይ ዓይን ማጥፋትን የሚያህል የእንኳን ደስ አለዎ አበባ የለም።

አሁን ወደማይመቸው ጉዳይ ልግባ። የመጀመሪያው ስኬት ከመጣ በኋላ የወዳጅ ደስታ ቶሎ ብሎ ወደ ዕዳ ይለወጣል። ከ1869 በኋላ ክበቡ ቦሮዲንን ማሳረፍ አቃተው። ሁለተኛው ሲምፎኒ የት ደረሰ? ኦፔራውስ? ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ በትዝታ መጽሐፉ የዚያን ቤት ሁኔታ ሲያወጋ ንዴቱ ከፍቅሩ ጋር አብሮ ይነበባል። ቤቱ በታመሙ ዘመዶችና በድመቶች የተሞላ ነው፤ ድመቶቹ ማዕድ ላይ ይመላለሳሉ፤ እራት የሚበላው በእኩለ ሌሊት ገደማ ነው። ቦሮዲን ፒያኖ እየተጫወተ በድንገት ተነሥቶ የፈላ ወይም የተቃጠለ ነገር እንዳለ ለማየት ወደ ቤተ ሙከራው ይሮጣል። ሙዚቃ የሚጽፈው ታሞ ክፍል መግባት ሲያቅተው ነው። ስለዚህም ራሱ እንደቀለደው፣ ወዳጆቹ እንደ ሰው ወግ ጤና ይስጥህ ከማለት ይልቅ መታመሙን ይመኙለት ነበር።

ቀልዱ ያስቃል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ያስደነግጣል። ጊዜውን የሚወስድበት ምን ነበር? አንዱ ምርምሩ፣ ሁለተኛው የማንንም ልመና እንቢ የማይል ባሕርዩ፣ ሦስተኛው በ1872 የተከፈተው የሴቶች የሕክምና ትምህርት ነው። ቦሮዲን ትምህርቱን ካቋቋሙትና በዚያ ካስተማሩት አንዱ ነበር፤ እስከ 1885 ድረስ ኬሚስትሪ አስተምሯል፣ ለተማሪዎቹም ገንዘብ ለማሰባሰብ ደፋ ቀና ብሏል። የሙዚቃ ወዳጆቹ በዚህ ሁሉ ውስጥ ያዩት ያልተጻፉ ገጾችን ብቻ ነበር። አልፈርድባቸውም፤ የተጻፉትን ገጾች የሰማ ሰው ያልተጻፉትን ቢናፍቅ አይገርምም። ግን ቢመርጡለት ኖሮ ይሳሳቱ ነበር። ሐኪም የሆኑት ሴቶች ያዳኗቸው ሰዎች በየትኛውም የኮንሰርት ፕሮግራም ላይ አልተጻፉም፤ አለመጻፋቸው ግን ከአንድ ኦፔራ ያነሱ አያደርጋቸውም። ወዳጅ ሲሳካለት ሌላ ሰው እንዲሆን መጠየቅ፣ ያ የወደድነው ሙዚቃ የመጣበትን ሕይወት ማድረቅ ነው። ያ ሙዚቃ ከዚያ ከተጨናነቀ ቤት ካልሆነ ከሌላ ቦታ ባልመጣም ነበር ብዬ አምናለሁ። ማረጋገጥ አልችልም፤ እምነት ነው።

ውድቀትም በመሐል ነበር። ሁለተኛው ሲምፎኒ በ1877 ሲቀርብ አልሰመረም፤ የነሐስ መሣሪያዎቹ ድምፅ ሌላውን ዋጠው። ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ ያን ጊዜ ያደረገው አጭር ነገር ነው። ቦሮዲን የመሣሪያዎቹን ድልድል አቃልሎ ሲያስተካክል ጠበቀ፤ በ1879 ራሱ ኦርኬስትራውን እየመራ ሲምፎኒውን እንደገና አቀረበው። በዚያን ጊዜ ተወደደ፤ ዛሬ ከሩሲያ ሲምፎኒዎች ሁሉ ደጋግመው ከሚቀርቡት አንዱ ነው።

ቦሮዲን በየካቲት 1887 በአካዳሚው በተደረገ የጭፈራ ግብዣ ላይ የባህል ልብስ እንደለበሰ ወድቆ ሞተ፤ ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። በ1869 የተጀመረው «ልዑል ኢጎር» አላለቀም ነበር። ሪምስኪ-ኮርሳኮቭና ወጣቱ የሙዚቃ ደራሲ አሌክሳንደር ግላዙኖቭ የቀሩትን ገጾች ሰብስበው ጨረሱት፤ ግላዙኖቭ የመክፈቻውን ሙዚቃ የጻፈው ቦሮዲን በፒያኖ ሲጫወተው ሰምቶ ካስታወሰው ነው። በ1890 በማሪንስኪ ቴአትር ኦፔራው በታላቅ ድምቀት ቀረበ። ከዚያ ወዲያ ዝናው አልቆመም። በ1954 ከሙዚቃዎቹ ተወስዶ በኒው ዮርክ ለተሠራ የመድረክ ሥራ የቶኒ ሽልማት እንኳ ደርሶታል፤ ከሞተ ስድሳ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር።

ሙታንን ማሞገስ ለእኛም አይከብደንም። በቀብርና በሰባት ዓመት መታሰቢያ የሚዘረዘረውን ችሎታ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ሰምቶት አያውቅም። የግላዙኖቭ ድካም ከፍ ያለ ወዳጅነት መሆኑን አልጠራጠርም፤ ከሁለቱ ምሽቶች ምረጥ ብባል ግን ከማሪንስኪው ይልቅ የ1869ኙን፣ ሴሮቭ ያፌዘበትን ምሽት እመርጣለሁ። የተጨበጨበለት ሰው አዳራሹ ውስጥ ነበር፤ ይደገም ሲባል ሰምቷል፤ ባላኪሬቭ እንደመሰከረውም ቦሮዲን ሙዚቃን ከምሩ የያዘው፣ ሁለተኛውንም ሲምፎኒ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ከሥራ መልስ የሚጽፍ፣ የሚያዜም፣ ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ የሚቆልፍ ወዳጅ ካለህ ኮንሰርቱን አትጠብቅ። ሥራውን አሳየኝ በለው፤ ደካማውን ደካማ ነው ብለህ ንገረው፤ ኖታውን የሚገለብጥለት ሰው ከሌለም ወረቀቱን ውሰድለት።